«ፒኤን 10» የተጻፈበት ቧንቧ ሌሊት ሌሊት ለምን ይፈነዳል?

ጥያቄ፦ «ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ አባል ነኝ። ምንጫችን ጎልብቶ ውሃው በ50 ሚሊ ሜትር ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ 2.4 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሁለት ቦኖ ጋ ይደርሳል። ቦኖዎቹ ሲከፈቱ በሰከንድ 1.5 ሊትር ያህል ይወጣል። ከምንጩ እስከ ቦኖው ያለው የከፍታ ልዩነት 95 ሜትር ነው። ‹95 ሜትር ማለት 9.5 ባር ነው፣ ፒኤን 10 (የግፊት ደረጃው 10 ባር የሆነ ቧንቧ) ይበቃል› ተብለን ገዛን። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈነዳብን። የሚፈነዳው ሁልጊዜ ወንዙን በሚሻገርበት ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሸለቆው ከመንደሩ 40 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰዓቱም ሁልጊዜ ሌሊት ወይም ሲነጋጋ ነው። ቀን ቦኖው ጋ በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ስንለካው 4 ባር እንኳ አይሞላም። ምንጩ ጋ ያለውን ጌት ቫልቭ በግማሽ ዘግተን ሞክረናል፤ ምንም አልተሻለም። አንዱ ‹ሁሉንም ወደ ፒኤን 16 ቀይሩት› ይለናል። ሌላው ‹በጂአይ (ዚንክ በተቀባ የብረት ቧንቧ) ተኩት› ይላል። ሦስተኛው ‹ወንዙ ዳር ታንከር ሥሩ› ይላል። የማንን እንስማ?»

መልስ፦ ሂሳቡ የተሠራው ያለ ቦታው ነው። ቧንቧ የሚመረጠው በመጨረሻው ቦኖ ላይ ባለው ግፊት ሳይሆን፣ መስመሩ በሚያልፍበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለው ግፊት ነው። የእናንተ ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ መንደሩ አይደለም። ሸለቆው ነው። ከምንጩ እስከ መንደሩ 95፣ ከመንደሩ እስከ ወንዙ 40፣ ድምሩ 135 ሜትር። አንድ ባር 10.2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ ወንዙ ጋ ያለው ቧንቧ ሌሊት የሚሸከመው 13.2 ባር ነው። ፒኤን 10 ለዚያ አልተሠራም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ውሃው በቆመ ጊዜ ግፊቱን የሚወስነው የከፍታ ልዩነት ብቻ ነው። ቧንቧው 2 ኪሎ ሜትር ይርዘም 20፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ ለውጥ የለውም። «ወፍራም ቧንቧ ብናደርገው ግፊቱ ይቀንሳል» የሚባለው ስህተት ነው። መሬቱ ጠመዝማዛ መሆኑም አያግዝም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። አንድ ሰው ያንን ሁሉ መንገድ መሃል ላይ ሳያቋርጥ ቧንቧ ቢዘረጋ ታች የሚጠብቀው ከ145 ባር በላይ ነው። ሜዳማ በሆነው በእነዋሪና በደነባ አካባቢ የሚያስቸግረው የግፊት ማነስ ነው። ከገደሉ ሥር ባሉ ቀበሌዎች ደግሞ የግፊት መብዛት ነው። በአንዱ ቦታ የሠራ ንድፍ ለሌላው አይገለበጥም።

ታዲያ ቀን 4 ባር የማይሞላው ለምንድነው? ውሃው እየሄደ ስለሆነ ነው። የሚሄድ ውሃ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ግፊቱን ያጣል። የእናንተ 50 ሚሊ ሜትር ፒኤን 10 ቧንቧ ከውስጥ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። በሰከንድ 1.5 ሊትር ሲያልፍበት በየኪሎ ሜትሩ 24 ሜትር ያህል ይበላል። በ2.4 ኪሎ ሜትር 57 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ95 ላይ 57 ሲቀነስ 38 ሜትር ይቀራል፤ 3.7 ባር ማለት ነው። ጌጃችሁ አልዋሸም። ግን የነገራችሁ ቦኖው ተከፍቶ ያለውን ነው። ማታ ሁሉም ዘግቶ ሲተኛ ውሃው ይቆማል፤ ሰበቃው ዜሮ ይሆናል፤ መስመሩ ሙሉውን ከፍታ ይሸከማል። ቧንቧው ሌሊትና ንጋት ላይ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ለንድፍ የሚያገለግለው ቁጥር ይህ የሌሊቱ ነው።

የቫልቩም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በግማሽ የተዘጋ ጌት ቫልቭ ግፊት የሚቀንሰው ውሃ ሲያልፍበት ብቻ ነው። ውሃ ካላለፈበት ግን ከላይና ከታች ያለው ግፊት እኩል ይሆናል። ስለዚህ ቀን ቦኖው ላይ ውሃ አሳጣችሁ እንጂ ሌሊት ሸለቆውን አላዳነውም። በዚያ ላይ ጌት ቫልቭ ወይ ሙሉ ለሙሉ ለመክፈት ወይ ሙሉ ለሙሉ ለመዝጋት የተሠራ ነው። በግማሽ ተትቶ ሲቆይ መዝጊያው ይበላል። አንድ ቀን በእውነት መዝጋት ስትፈልጉ አይዘጋም። ስለዚህ ሙሉ ለሙሉ ክፈቱት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ፒኤን 10 ማለት «10 ባር ላይ ይፈነዳል» ማለት አይደለም። «እስከ 10 ባር በማንኛውም ሁኔታ ይችላል» ማለትም አይደለም። ለዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሆኖ፣ 10 ባር ሳይቋረጥ ቢጫነው፣ ቢያንስ 50 ዓመት እንዲቆይ ተሰልቷል። አንዲት አህያ ከአቅሟ በላይ ተጭና ጥቂት እርምጃ ልትሄድ ትችላለች። በዚያ ጭነት ዓመቱን ሙሉ ገበያ ልትመላለስ ግን አትችልም። ፒኤን የሚነግረን የዓመታቱን ጭነት ነው። አዲስ ቧንቧ ለአጭር ጊዜ ከ10 ባር ብዙ ከፍ ያለ ግፊት ይችላል። የእናንተም መጀመሪያ ቀን ያልፈነዳው ለዚህ ነው። ነጋዴው ፊታችሁ በፓምፕ 15 ባር ሰጥቶ ቢያሳያችሁም ያረጋገጠላችሁ ነገር የለም።

በቁጥር እንየው። ፒኢ 100 የሚባለው ፕላስቲክ ለ50 ዓመት የተረጋገጠለት ጥንካሬ 10 ሜጋ ፓስካል ነው። ንድፍ አውጪ ይህን ለ1.25 አካፍሎ 8 ላይ ይቆማል። ፒኤን 10 ቧንቧ 10 ባር ሲጫነው ግድግዳው ላይ የሚያርፈው 8 ነው። በእናንተ 13.2 ባር ግን ግድግዳው ላይ 10.5 ገደማ ያርፋል። የደህንነት ህዳጉ አልቆ ከጥንካሬውም ታልፏል ማለት ነው። ፕላስቲክ ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ከገደቡ በላይ ትንሽ ግፊት ሲጨመርበት ከዕድሜው ብዙ ዓመት ይቀነሳል። 30 በመቶ ግፊት ጨምሮ ዕድሜው 30 በመቶ ብቻ የሚቀንስ ከመሰለን ተሳስተናል።

ይህ ሁሉ ለጤነኛ፣ ምንም ላልነካው ቧንቧ የተሰላ ነው። መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ እንዲህ አይደለም። ሹል ድንጋይ ይወጋዋል። አህያ ሲጎትተው ጎኑ ተፍቋል። ኮፕሊንጉ (የቧንቧ ማያያዣው) ሳይጠብቅ ቀርቷል፣ ብየዳውም ንፋስ እየነፈሰ ተሠርቷል። ከመጠን ያለፈ ግፊት እነዚህን ደካማ ቦታዎች ፈልጎ ያገኛቸዋል። ሸለቆው ውስጥ የፈነዳውን ቁራጭ አትጣሉት፤ እዩት። ስንጥቁ በቧንቧው ርዝመት ቀጥ ብሎ ከሄደና ጠርዙ ብዙ ካልተለጠጠ፣ ከአንድ ጭረት ወይም ድንጋይ ከነካው ነጥብ ቀስ እያለ የሄደ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ከኮፕሊንጉ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የፊቲንጉ ነው። ፊቲንጉም፣ ቫልቩም፣ ቦኖው ላይ ያለው የቧንቧ አፍም የየራሳቸው የግፊት ደረጃ አላቸው። መስመሩ የሚችለው ከሁሉ ደካማው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ፒኤን 16 ቧንቧ ገዝቶ በፒኤን 10 ኮፕሊንግ መቀጠል ገንዘብ መጣል ነው።

የገዛችሁት በእርግጥ ፒኤን 10 መሆኑንም አረጋግጡ። አንድ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይበቃል። የ50 ሚሊ ሜትር ፒኢ 100 ቧንቧ ፒኤን 10 ከሆነ ግድግዳው ቢያንስ 3.0 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኤን 16 ከሆነ 4.6 ነው። ቧንቧው ላይ ኤስዲአር የሚል ቁጥርም ይጻፋል፤ የውጭው ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለፒኢ 100 ኤስዲአር 17 ፒኤን 10 ነው፤ ኤስዲአር 11 ፒኤን 16 ነው። ፕላስቲኩ ፒኢ 80 ከሆነ ግን ያው ኤስዲአር 17 ፒኤን 8 ብቻ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደሆነ መታየት አለበት። ካገለገለ ፕላስቲክ ተቀልጦ የተሠራ ቧንቧ ላይ የታተመ ቁጥር ደግሞ ትርጉም የለውም። ርካሽ ስለሆነ ብቻ፣ ያለ ፋብሪካ ማረጋገጫ ወረቀት አትግዙ።

ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። ደረጃው የተሰጠው በ20 ዲግሪ ነው ብያለሁ። በ30 ዲግሪ ፒኤን 10 ወደ 8.7 ባር ይወርዳል፤ በ40 ዲግሪ ወደ 7.4። ደብረ ሲና ብርድ ነው ብላችሁ አትናቁት። አለቱን መቆፈር ስላስቸገረ መሬት ላይ የተተወ ጥቁር ቧንቧ በበጋ ፀሐይ፣ ውሃው ቆሞ እያለ፣ በቀላሉ ይግላል። ወደ ቀወት ቆላ ሲወረድ ደግሞ ይብሳል። ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ቅበሩት፤ ከሥሩና ከጎኑ ድንጋይ የሌለው የተነፋ አፈር ይሁን።

ዋተር ሃመር የሚባለውንም ጨምሩበት። የሚሄድ ውሃ ድንገት ሲቆም የግፊት ሞገድ ይነሳል። በእናንተ ቧንቧ ውሃው በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድንገት ቢቆም ካለው ግፊት ላይ ወደ 25 ሜትር ይጨመራል፤ 2.5 ባር ገደማ ነው። «ድንገት» ሲባልም በዓይን ጥቅሻ አይደለም። ለ2.4 ኪሎ ሜትር ፕላስቲክ ቧንቧ ከ20 ሰከንድ በታች የሆነ መዝጋት ሁሉ ድንገተኛ ነው። ዋናውን ቫልቭ የሚዘጋ ሰው ቀስ ብሎ፣ እየቆጠረ፣ ደቂቃ ወስዶ ይዝጋ።

እንግዲህ የሦስቱን መካሪዎች ሐሳብ እንይ።

ሁሉንም ወደ ፒኤን 16 መቀየር ሸለቆውን ያድናል፤ 13.2 ባር ከ16 በታች ነው። ግን ሁለት ችግር አለው። የቧንቧ የውጭ ልኬት አይቀየርም፤ ግድግዳው የሚወፍረው ወደ ውስጥ ነው። የውስጡ ስፋት ከ44 ወደ 40.8 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ሰበቃውን ግን በ44 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። 57 ሜትር የነበረው ብክነት 82 ይሆናል። ቦኖው ላይ የሚቀረው 13 ሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊት ቦኖው ላይ ያለው 9.3 ባር እንዳለ ይቀራል። ተራ የቧንቧ አፍ በዚያ ግፊት ጎሚኒው ቶሎ ይበላል፣ መንጠባጠብ ይጀምራል። ኮሚቴው በየወሩ መለዋወጫ ሲገዛ ይኖራል።

ጂአይ ግፊቱን ይችላል፣ ፀሐይም አይጎዳውም። አለት ላይ መቅበር በማይቻልበት አጭር ቦታ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ለረጅም መስመር ግን ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ በጥርሱ በኩል ይዝጋል። ብረት ግትር ስለሆነ ዋተር ሃመሩም ይበረታል። ያው በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ቢቆም በብረት ቧንቧ ከ100 ሜትር በላይ ሊጨምር ይችላል።

ወንዙ ዳር ታንከር ሥሩ ያላችሁ ሰው ሐሳቡ ከእውነት ብዙም አልራቀም። ቦታውን ግን ስቷል። ክፍት ታንከር ውስጥ የገባ ውሃ ግፊቱን ሁሉ ጥሎ እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምራል። ወንዙ ዳር ዜሮ የሆነ ውሃ 40 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ መንደር አይደርስም። እዚያ ታንከር ከተሠራ ከብት ይጠጣበታል እንጂ ቦኖው ይደርቃል።

የሚሻለው የግፊት መስበሪያ ገንዳ ነው፤ ባለሙያዎች ብሬክ ፕሬሸር ታንክ የሚሉት። ቦታው ግን ከመንደሩ በላይ፣ መስመሩ ወደ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት መሆን አለበት። ምክሬ ከምንጩ 40 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጠንካራ መሬት ላይ እንዲሠራ ነው። ያን ጊዜ ቦኖው ላይ የሌሊቱ ግፊት 55 ሜትር ይሆናል፤ 5.4 ባር። ሸለቆው ላይ 95 ሜትር ይሆናል፤ 9.3 ባር። ከገንዳው እስከ መንደሩ ያለው መስመር 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ቀን በሰበቃ 40 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቦኖው ላይ ወደ 15 ሜትር ይቀራል። ለጀሪካን መቅጃ ከበቂ በላይ ነው። ገንዳውን ከዚህ ዝቅ ብታደርጉት የሌሊቱ ግፊት ይቀንሳል፤ የቀኑ ውሃም አብሮ ይሳሳል። ከፍ ብታደርጉት ሸለቆው ይቸገራል።

9.3 ባር ከ10 በታች ነው ብላችሁ ግን የሸለቆውን ቧንቧ እንዳለ አትተዉት። ለዋተር ሃመር የተረፈ ቦታ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ቧንቧ ሁለት ዓመት ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። የጠፋው ዕድሜ ግፊቱ ስለቀነሰ አይመለስም። ስለዚህ በሁለቱም ዳርቻ፣ ከመንደሩ 20 ሜትር ዝቅ ከሚለው ቦታ ጀምሮ ወንዙን አቋርጦ ያለው ክፍል በፒኢ 100 ፒኤን 16 ይቀየር፤ ፊቲንጎቹም ፒኤን 16 ይሁኑ። ይህ ክፍል 400 ሜትር ያህል ቢሆን የሚጨምረው ሰበቃ 4 ሜትር ገደማ ነው፤ አይጎዳችሁም። የተረፈው ፒኤን 10 መስመር ባለበት ይቆይ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልደረሰ መጀመሪያ ገንዳውን ሥሩ። ድንጋዩና አሸዋው ከዚያው ነው፣ ጉልበቱም የመንደሩ ነው፣ ጥቅሙ ደግሞ ለመስመሩ ሁሉ ይደርሳል።

ገንዳው ትልቅ መሆን የለበትም። ውሃ ለማጠራቀም አይደለም፤ 1 ሜትር ኩብ ይበቃል። መግቢያው ላይ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይኑረው፤ ቦኖ ሲዘጋ ገንዳው ሞልቶ ውሃው ከንቱ እንዳይፈስ። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቧንቧ የሰፋ ይሁን። መውጫው ሁልጊዜ ከውሃው ወለል በታች ይሁን፤ አለዚያ አየር ይስባል። አየር ማስገቢያ፣ የደለል ማስወጫና የሚቆለፍ ክዳን ያስፈልገዋል። ተንሳፋፊው ሲበላሽ ገንዳው በትርፍ መውጫው ያፈሳል። ያኔ አንዳንድ ሰው ገንዳውን ዘልሎ ቧንቧውን በቀጥታ ያገናኘዋል። ይህ በፍጹም እንዳይደረግ። በዚያው ሌሊት 13.2 ባር ሸለቆው ላይ ይመለሳል፤ ቦኖዎቹም 9.3 ባር ያገኛቸዋል።

ገንዳው እስኪሠራ ድረስ ማታ ማታ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ምንጩ ጋ ያለውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ለሙሉ ዝጉ። ከዚያ አንድ የቦኖ አፍ ከፍታችሁ ውሃው እስኪያቆም ተዉት። ሸለቆው ላይ የሚቀረው ከመንደሩ በታች ያለው 40 ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን ከቫልቩ በታች አየር ማስገቢያ ቱቦ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ ቧንቧው ውስጥ ባዶ ግፊት ተፈጥሮ በተሰነጠቀበት በኩል ቆሻሻ ውሃ ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ አታድርጉት። ጠዋት ሲከፈትም ቦኖው ክፍት ሆኖ፣ አየሩ እየወጣ፣ ቀስ ተብሎ ይሞላ።

ከሁሉም በፊት ከፍታው እንደገና ይለካ። 95 እና 40 የሚሉትን ቁጥሮች በሞባይል ጂፒኤስ ካገኛችኋቸው አትመኑባቸው፤ በከፍታ ላይ አስርና ከዚያ በላይ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ያ ማለት አንድ ባርና ከዚያ በላይ ነው። ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የቅየሳ ሌቭል ያለው ባለሙያ ጠይቁ፤ መስመሩን በሙሉ በየጉብታውና በየጎድጓዳው ይለካ። ከገንዳው እስከ መንደር ባለው መንገድ ላይ ጉብታ ካለ በተለይ ይታይ። ውሃው እየሄደ ባለበት ሰዓት ቧንቧው ከግፊቱ መስመር (በዚያ ቦታ የቀረው ግፊት ውሃውን ሊያነሳ ከሚችልበት ከፍታ) በላይ ከወጣ ውስጡ ከአየር ግፊት በታች ይወርዳል። በደብረ ሲና ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃ እዚህ በመምጠጥ ብዙ አይነሳም።

አዲሱ ክፍል ተቀብሮ ከመሸፈኑ በፊት ይፈተን። ፈተናው በውሃ ይሁን፤ በኮምፕሬሰር አየር ፈጽሞ አይሁን። የታመቀ አየር ቧንቧ ሲሰብር ሰው ይገድላል። ጌጁ የሚታሰረው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። አዲሱን ክፍል ለብቻው ዘግታችሁ ከሚሸከመው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ስጡት፤ ለ9.3 ባር 14 ባር ማለት ነው። አሮጌው ፒኤን 10 መስመር ከዚህ ፈተና ጋር አይያያዝ። ፕላስቲክ ሲጫነው ስለሚለጠጥ ጌጁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይወርዳል፤ ያ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት አይደለም። እንደገና ሞልታችሁ ጠብቁ። ከዚያ በኋላም መውረዱን ካላቆመ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እዩ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ጌጅ ወንዙ ጋ በቋሚነት ይታሰር። ንጋት ላይ፣ ማንም ቦኖ ሳይከፍት፣ ይነበብ። 9.3 ባር አካባቢ ካሳየ ገንዳው ሥራውን እየሠራ ነው። ከ10 በላይ ካነበባችሁ ወይ ገንዳው ተዘልሏል ወይ ከፍታው በስህተት ተለክቷል። ያን ቀን ምንጩ ጋ ያለውን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ዝጉና መስመሩ ከገንዳው እስከ ሸለቆው ድረስ ይታይ።